በዕድሜ የገፉ ሰዎች የአኦርታ አኑሪዝም ቀዶ ሕክምና፦ ከውሳኔ እስከ ክትትል

አኦርታ ከልብ ተነሥቶ በደረትና በሆድ ውስጥ የሚወርድ፣ ደምን ለመላ አካላት የሚያከፋፍል ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ ነው። ግድግዳው በዕድሜ፣ በሲጋራ፣ በደም ግፊት ወይም በቤተሰብ በሚወረስ ድክመት ሳስቶ በአንድ ቦታ ላይ ሲለጠጥና ሲሰፋ አኑሪዝም ይባላል። በብዛት የሚታየው በሆድ ውስጥ፣ ወደ ኩላሊት ከሚሄዱት ደም ቅዳዎች በታች ነው። በዚያ ቦታ የጤናማ አኦርታ ስፋት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከደረሰ አኑሪዝም ተብሎ ይመዘገባል። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ሆድ አኑሪዝም ነው፤ የደረቱ የሚለይባቸውን ነጥቦች በየቦታቸው አነሣለሁ።

አኑሪዝም እስኪፈነዳ ድረስ ብዙውን ጊዜ ምንም ምልክት አያሳይም። አብዛኞቹ አረጋውያን መኖሩን የሚያውቁት ለፕሮስቴት፣ ለሐሞት ጠጠር ወይም ለወገብ ሕመም በታዘዘ ምርመራ በአጋጣሚ ሲገኝ ነው። ዜናው ሲሰማ ቤተሰብ ከሁለት ወደ አንዱ ያዘነብላል፦ ወይ «ቀዶ ሕክምናው ዛሬውኑ ይደረግላቸው» ብሎ ይጣደፋል፣ ወይ «በዚህ ዕድሜ እንዴት ቢላዋ ይነካቸዋል» ብሎ ጉዳዩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ሳይመዝኑ መወሰን ናቸው። ለአረጋዊ ሰው ትክክለኛው ውሳኔ የሚገኘው የአኑሪዝሙን ስፋት፣ የታካሚውን የሰውነት አቅምና የራሳቸውን ፍላጎት አንድ ላይ በመመዘን ነው፤ ይህ ምዘና ደግሞ መደረግ ያለበት አኑሪዝሙ ሳይፈነዳ፣ ሁሉም ተረጋግቶ ማሰብ በሚችልበት ጊዜ ነው።

ትክክለኛ ልኬት

ወደ ደም ሥር ቀዶ ሐኪም ከመሄድ በፊት በምርመራው ወረቀት ላይ ሦስት ነገሮች መስፈራቸውን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፦ አኑሪዝሙ የት እንደሚገኝ፣ በጣም በሰፋበት ቦታ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነና በምን መሣሪያ እንደተለካ። አልትራሳውንድና ሲቲ ስካን የሚሰጡት ቁጥር በጥቂት ሚሊ ሜትር ሊለያይ ስለሚችል፣ ባለፈው ዓመት በአልትራሳውንድ 5.1 የነበረው ልኬት ዘንድሮ በሲቲ ስካን 5.5 ቢሆን አኑሪዝሙ የዚያኑ ያህል አድጓል ማለት ላይሆን ይችላል። ስለዚህ የእድገቱ ፍጥነት የሚነጻጸረው በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ ቢቻል በአንድ የምርመራ ክፍል በተወሰዱ ልኬቶች መካከል ነው። ወረቀቶቹን ብቻ ሳይሆን የሲቲ ስካን ምስሎቹንም ጭምር ማስቀመጥ ይጠቅማል፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚያቅደው የሌላ ሰው ጽሑፍ አንብቦ ሳይሆን ምስሎቹን ራሱ ተመልክቶ ነውና።

ለሆድ አኑሪዝም ቀዶ ሕክምና የሚታሰብበት የተለመደው ገደብ በወንዶች 5.5 ሴንቲ ሜትር ነው። የሴቶች አኑሪዝም በአነስተኛ ስፋትም የመፈንዳት ዝንባሌ ስላለው ለእነሱ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ጉዳዩ ይነሣል። ከዚህ በታች ሆኖም በዓመት ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ ካደገ ወይም የሆድና የወገብ ሕመም ማስከተል ከጀመረ ገደቡ እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ሕመም ያመጣ አኑሪዝም በዚያው ቀን ሆስፒታል መታየት አለበት። በደረት ውስጥ ላለው የአኦርታ ክፍል የተለመደው ገደብ ወደ 5.5 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ ከልብ በሚነሣው ክፍል ላይ ልምድ ያላቸው ማዕከላት ለአንዳንድ ታካሚዎች በ5 ሴንቲ ሜትርም ሊወስኑ ይችላሉ።

አኑሪዝሙ ከገደቡ በታች ከሆነ ሐኪሙ «እንከታተለው» ይላል፤ ይህን እንደ ቸልተኝነት መቁጠር አይገባም። በብሪታንያ ተካሂዶ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው፣ በአሜሪካም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመው ጥናት ስፋታቸው ከ4 እስከ 5.5 ሴንቲ ሜትር የሆኑ አኑሪዝሞችን ቀድሞ ቀዶ ማከም በክትትል ከመጠበቅ ይልቅ ዕድሜ እንደማይጨምር አሳይተዋል። ክትትሉ ግን በቀጠሮ መመራት አለበት፦ ከ3 እስከ 3.9 ለሆነው በየ3 ዓመቱ፣ ከ4 እስከ 4.9 ለሆነው በየዓመቱ፣ ከ5 እስከ 5.4 ለሆነው በየ3 ወይም በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይደረጋል።

በመጠበቂያው ጊዜ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ሲጋራ ማቆም ነው፤ አኑሪዝሙን በፍጥነት የሚያሳድግና የመፈንዳት አደጋውን ከፍ የሚያደርግ፣ በሰው እጅ ያለ ትልቁ ምክንያት እሱ ነው። የደም ግፊትን መቆጣጠር፣ ሐኪም ያዘዘውን የኮሌስትሮል መድኃኒት መውሰድና በየቀኑ በመጠኑ መራመድ ተከትለው ይመጣሉ። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገርም አለ። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ሌቮፍሎክሳሲን የሚገኙበት ፍሎሮኪኖሎን የሚባለው የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ምድብ የአኦርታን ግድግዳ ሊጎዳ ስለሚችል፣ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አኑሪዝም ላለባቸው ሰዎች ሌላ አማራጭ እያለ እንዳይታዘዝ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 አስጠንቅቋል። አረጋውያን ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን በተደጋጋሚ የሚታዘዝላቸው ይህ መድኃኒት በመሆኑ፣ አኑሪዝም መኖሩን ለእያንዳንዱ ሐኪምና ፋርማሲስት መናገር ያስፈልጋል።

ዕድሜን ሳይሆን አቅምን መመዘን

በመታወቂያ ላይ የሰፈረው ዕድሜ ብቻውን ውሳኔ አይሰጥም። ገበያ በእግራቸው ሄደው የሚመለሱ፣ ሁለት ፎቅ ደረጃ ሳይቆሙ የሚወጡ የ82 ዓመት አዛውንት፣ የልብ ድካምና የሳንባ ሕመም ካሰራቸው የ70 ዓመት ሰው ይልቅ ቀዶ ሕክምናን በተሻለ ሁኔታ ሊቋቋሙ ይችላሉ። ሐኪሞች ይህን ለመመዘን የተዘጋጁ መለኪያዎች አሏቸው፦ ታካሚው ከወንበር ያለ ድጋፍ መነሣት መቻላቸው፣ የአካሄዳቸው ፍጥነት፣ በቅርብ ወራት ሳያስቡት ክብደት መቀነሳቸው፣ ገላ መታጠብን፣ ልብስ መልበስንና መጸዳዳትን በራሳቸው ማከናወናቸው ይታያል። የማስታወስ ችሎታም በአጭር ፈተና ይለካል። ይህ ምዘና ሳይደረግ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ቢሰጥ ቤተሰቡ እንዲደረግ መጠየቁ ተገቢ ነው፤ ሽማግሌን ወይም አሮጊትን ለቀዶ ሕክምና ማዘጋጀት የደም ምርመራ ከማየት ያለፈ ሥራ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከዚያ የአካል ክፍሎች ምርመራ ይከተላል። የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራና የልብ አልትራሳውንድ፣ የሳንባ አቅም መለኪያ፣ የኩላሊት ሥራን የሚያሳየው ክሬቲኒን፣ የሄሞግሎቢን፣ የስኳርና አልቡሚን የሚባለው የደም ፕሮቲን መጠን ይታያሉ። ኩላሊት ልዩ ትኩረት ይሻል፤ ለሲቲ ስካንና በደም ሥር ውስጥ ለሚደረገው ሕክምና ምስሉ ጎልቶ እንዲታይ በደም ውስጥ የሚሰጠው ማድመቂያ ፈሳሽ የደከመ ኩላሊትን ይበልጥ ሊጎዳ ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰቦች የማይነገራቸውን አንድ ጥናት መጥቀስ ግዴታ ይመስለኛል። በብሪታንያ ለክፍት ቀዶ ሕክምና (ሆድ ተከፍቶ ለሚደረገው) አቅም የላቸውም የተባሉ ሰዎች በሁለት ተከፍለው፣ አንዱ ቡድን በደም ሥር ውስጥ በሚገባ ቱቦ ታከመ፣ ሌላው ያለ ቀዶ ሕክምና ተጠበቀ። ሕክምናው በአኑሪዝሙ ምክንያት የሚደርሰውን ሞት በጊዜ ሂደት ቢቀንስም፣ ሰዎቹ በልባቸው፣ በሳንባቸውና በሌሎች ሕመሞቻቸው ስለሞቱ አጠቃላይ ዕድሜያቸውን አላራዘመም። ስለዚህ አቅማቸው በጣም ለተዳከመ ሰው ቀዶ ሕክምናን መተው የሕክምና ውሳኔ ነው፤ ሰውን መተው አይደለም። ሐኪሙን በግልጽ መጠየቅ የሚገባው ጥያቄም ይኸው ነው፦ «አኑሪዝሙ ባይኖር ኖሮ እኚህ ሰው ከሌሎች ሕመሞቻቸው ጋር ስንት ዓመት ይኖራሉ ብለው ያስባሉ? በዚህ ጊዜ ውስጥ የመፈንዳት ዕድሉስ ከቀዶ ሕክምናው አደጋ ይበልጣል?»

የታካሚው ፈቃድ

አልበርት አይንስታይን የሆድ አኑሪዝም ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ1948 ቀዶ ሐኪሙ ሩዶልፍ ኒሰን፣ ቧንቧውን በሰው ሠራሽ ለመተካት ገና በማይቻልበት ዘመን፣ አኑሪዝሙን በሴሎፋን ሸፈነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1955 ሲፈነዳ አይንስታይን ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናን አልቀበልም ብሎ በ76 ዓመቱ አረፈ። በሌላ በኩል፣ የተጎዳ አኦርታን በሰው ሠራሽ ቧንቧ በመተካት ፈር ከቀደዱት አንዱ የሆኑት ማይክል ዲቤኪ፣ የራሳቸው አኦርታ ተሰንጥቆ እ.ኤ.አ. በ2006 በ97 ዓመታቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ውሳኔው በተሰጠበት ሰዓት ራሳቸውን ስለማያውቁ ጉዳዩ እስከ ሆስፒታሉ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ድረስ ሄዷል። ለወራት ሆስፒታል ቆይተው አገገሙ፣ እስከ 2008ም ኖሩ። ከሁለቱ አንዱን ትክክል ሌላውን ስሕተት ለማለት አይደለም ያነሣኋቸው። የመጀመሪያው ራሱ ተናግሮ ፈቃዱ ተፈጸመ፤ ለሁለተኛው ሌሎች መወሰን ነበረባቸው፤ ይህም በአልጋው ዙሪያ ለቆሙት ሁሉ ከባድ ነው።

በመሆኑም ታካሚው አእምሯቸው ንጹሕ ሳለ፣ ልጆችና የትዳር ጓደኛ ባሉበት፣ የሚከተሉት መነጋገሪያ ይሁኑ፦ ከቀዶ ሕክምና በኋላ በሰው እርዳታ መኖርን እንዴት ያዩታል? ከመሣሪያ ጋር ለረጅም ጊዜ መተንፈስን ይቀበላሉ? አኑሪዝሙ በድንገት ቢፈነዳ ሆስፒታል ሄደው ቀዶ ሕክምና ይፈልጋሉ ወይስ ሕመማቸው ታግሦ ቤተሰባቸው መካከል መሆንን? በእሳቸው ፈንታ የሚናገረው ማን ይሁን? መልሱ በጽሑፍ ይስፈር፤ ቅጂውም በሕክምና ማኅደራቸው ይግባ። ለእናትና ለአባት በማዘን ይህን ጥያቄ ከእነሱ መሸሸግ በባህላችን የተለመደ ቢሆንም፣ በዚህ ሕመም ግን ዝምታው በመጨረሻ ሸክሙን በልጆቹ ላይ ይጥላል።

ሁለቱ የቀዶ ሕክምና መንገዶች

የመጀመሪያው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው። ፓሪስ ውስጥ ቻርልስ ዲቦስት እ.ኤ.አ. በ1951 የሆድ አኑሪዝምን ቆርጦ በማውጣት በሌላ የደም ቧንቧ ከተካበት ጊዜ ጀምሮ መሠረቱ አልተለወጠም። በሙሉ ማደንዘዣ ሆድ ተከፍቶ፣ ከአኑሪዝሙ በላይና በታች ያለው ቧንቧ በመቆንጠጫ ተይዞ፣ የተለጠጠው ክፍል ይከፈትና ከፖሊስተር ጨርቅ የተሠራ ቱቦ በውስጡ ይሰፋል። ሥራው በአብዛኛው ከ3 እስከ 5 ሰዓት ይወስዳል። ለአረጋዊ ሰው ከባዱ ክፍል ቆንጣጩ የሚታሰርበትና የሚፈታበት ጊዜ ነው፤ ሲታሰር ልብ በከፍተኛ ጫና ላይ ይሠራል፣ ሲፈታ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፤ ኩላሊትና አንጀትም ይፈተናሉ።

ሁለተኛው በአርጀንቲናዊው ሁዋን ፓሮዲ እ.ኤ.አ. በ1990 ቦነስ አይረስ ውስጥ ለሆድ አኑሪዝም የተጀመረው ኢቫር የሚባለው ነው። በሁለቱ ብሽሽቶች በኩል በምትገኘው ደም ቅዳ በሽቦ መሪነት የታጠፈ፣ በብረት መረብ የተደገፈ የጨርቅ ቱቦ ይገባል፤ በኤክስሬይ እየታየ አኑሪዝሙ ውስጥ ሲደርስ ይዘረጋል፤ ደሙም በአዲሱ ቱቦ ውስጥ ስለሚያልፍ የሳሳውን ግድግዳ መግፋቱን ያቆማል። ሆድ አይከፈትም፣ አኦርታም በቆንጣጭ አይታሰርም፤ ሥራው በብሽሽት ማደንዘዣ ወይም ከወገብ በታች በማደንዘዝ ሊከናወን ይችላል። ሳንባቸው ለደከመ አረጋውያን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ልዩነቱን በቁጥር ለማየት፣ ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ የሆኑ፣ ሁለቱንም መቋቋም የሚችሉ ሰዎች በተካተቱበት ትልቅ የብሪታንያ ጥናት በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት በኢቫር ከታከሙት 1.7 በመቶ፣ በክፍት ከታከሙት 4.7 በመቶ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ይህ ብልጫ ጠፋ፤ ከ8 ዓመት በኋላም በክፍት የታከሙት የተሻለ ቆይታ ነበራቸው፤ በኢቫር የገባው ቱቦ ሊንሸራተት፣ ሊያፈስና ዘግይቶ ሊፈነዳ ስለሚችል። ከዚህ የምወስደው ሐሳብ፣ ዕድሜያቸው በጣም ለገፋ ወይም ልባቸውና ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች ቧንቧቸው ከፈቀደ ኢቫር የተሻለ መሆኑ፣ ገና ብዙ ዓመት መኖር ለሚጠበቅባቸው ጠንካራ የ65 ወይም የ68 ዓመት ሰዎች ግን ክፍት ቀዶ ሕክምና ከውይይቱ መውጣት እንደሌለበት ነው።

«ቧንቧቸው ከፈቀደ» የሚለው ቀላል ጉዳይ አይደለም። ቱቦው የሚይዘው ከኩላሊት ደም ቅዳዎች በታች ባለው ጤናማ የአኦርታ ክፍል ላይ በመሆኑ፣ ይህ አንገት ቢያንስ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ርዝመት ሊኖረው፣ ከመጠን በላይ ያልሰፋና ያልታጠፈ ሊሆን ይገባል፤ ወደ እግር የሚወርዱት ቧንቧዎችም መሣሪያውን ለማሳለፍ በቂ ስፋት ያስፈልጋቸዋል። በዕድሜ የገፉ ሴቶች ቧንቧቸው ጠባብ ስለሆነ እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ይቸገራሉ። አንገቱ አጭር ሲሆን ለኩላሊትና ለአንጀት ደም ቅዳዎች ቀዳዳ ወይም ቅርንጫፍ ያላቸው፣ ለታካሚው በልክ የሚሠሩ ቱቦዎች አሉ፤ ነገር ግን ዝግጅታቸው ሳምንታት ይወስዳል፣ ሥራውም ይረዝማል። ቱቦው ከተፈቀደለት ልክ ውጪ ለሆነ ቧንቧ «ይሞከር» ቢባል ቤተሰቡ ሁለተኛ ሐኪም ማማከር ይኖርበታል።

በደረት ውስጥ ደግሞ መንገዱ እንደ ቦታው ይለያያል። ከልብ በቀጥታ የሚወጣው ክፍል ሲሰፋ አሁንም ዋናው መፍትሔ ደረት ተከፍቶ፣ ልብና ሳንባን በሚተካ መሣሪያ እየታገዘ የሚደረገው ክፍት ቀዶ ሕክምና ነው። ወደ ታች የሚወርደው ክፍል ግን በአብዛኛው በቱቦ ይታከማል። በዚህ ቦታ የተለየው አደጋ ለሕብለ ሰረሰር ደም የሚያደርሱ ቅርንጫፎች ሲዘጉ እግሮች ሊሰንፉ መቻላቸው ነው፤ ስለዚህ ከሕክምናው በፊት ይህን ለመከላከል ምን እንደሚደረግ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የትኛውም መንገድ ይመረጥ፣ ሆስፒታሉ በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራ መጠየቅ ነውር የለበትም። በብዛት በሚሠራባቸው ማዕከላት ውጤቱ የተሻለ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል።

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ያሉ ሳምንታት

ጊዜው ካለ ቢያንስ 4 ሳምንት ለዝግጅት መዋሉ ይጠቅማል። ታካሚው የሚያጨሱ ከሆነ በዚህ ጊዜ ማቆም አለባቸው። በየቀኑ መራመድ፣ በጥልቀት የመተንፈስና አክታ የማውጣት ልምምድ ማድረግ፣ እንደ እንቁላል፣ ሥጋ፣ ወተትና ጥራጥሬ ያሉ የገንቢ ምግቦችን መጠን መጨመር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሳንባ ምችንና የጡንቻ መክሳትን ይቀንሳል። የደም ማነስ ካለ ምክንያቱ ተፈልጎ ቀድሞ ይታከም።

ስለ መድኃኒት አንድ ሕግ ብቻ ይበቃል፦ ሐኪም ሳይናገር ምንም አይቆምም፣ ምንም አይጀመርም። ታካሚው የሚወስዷቸው ሁሉ፣ ከፋርማሲ ያለ ትዕዛዝ የተገዙትና ባህላዊ መድኃኒቶችም ጭምር፣ ከነመጠናቸው በአንድ ወረቀት ይጻፉ። አስፕሪንና ስታቲን የሚባለው የኮሌስትሮል መድኃኒት በአብዛኛው ይቀጥላሉ። ዋርፋሪን የሚባለው ደም ማቅጠኛ ብዙውን ጊዜ ከ5 ቀን በፊት ይቆማል፤ አዳዲሶቹ ደም ማቅጠኛዎች የሚቆሙበት ጊዜ ያጠረ ቢሆንም ኩላሊት ለደከመ ሰው ይረዝማል። ቀድሞ ሲወሰድ የቆየ ቤታ ብሎከር (የልብ ምትን የሚያዘገይ መድኃኒት) በድንገት ሊቆም አይገባም፤ አዲስ ደግሞ በዋዜማው አይጀመርም። ሜትፎርሚን የሚወስዱ የስኳር ታካሚዎች ማድመቂያ ፈሳሽ የሚሰጥበትን ቀን ጠቅሰው ምን ማድረግ እንዳለባቸው ይጠይቁ።

ለሆስፒታል የሚያዘው ቦርሳ ውስጥ መነጽር፣ የመስሚያ መሣሪያ፣ ሰው ሠራሽ ጥርስና ምርኩዝ እንዳይረሱ። ይህ ምክር ቀላል ቢመስልም ለሚቀጥለው ጉዳይ ቁልፍ ነው።

በሆስፒታል

አረጋውያን ከትልቅ ቀዶ ሕክምና በኋላ በድንገት ግራ ሊጋቡ ይችላሉ። ቀንና ሌሊት ይምታታባቸዋል፣ የሌለ ነገር ያያሉ፣ ቱቦዎችን ይነቅላሉ፤ አንዳንዶቹ ደግሞ በተቃራኒው ዝም ብለው ይተኛሉ፣ ሲጠሩም በቅጡ አይመልሱም። ሁለተኛው ዓይነት «አርፈዋል፣ ደክሟቸው ነው» እየተባለ ስለሚያልፍ ይበልጥ አደገኛ ነው። አእምሯቸው ጠፋ ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ በአብዛኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ይመለሳል፤ ነገር ግን ከጀርባው ኢንፌክሽን፣ የሽንት መታገድ፣ የኦክስጅን ማነስ ወይም ሕመም ሊኖር ስለሚችል ወዲያው ለነርስ መነገር አለበት። መከላከያው በቤተሰብ እጅ ነው ማለት ይቻላል። የሚያውቁት ፊት በአጠገባቸው ይሁን፤ መነጽራቸውና የመስሚያ መሣሪያቸው ይደረግላቸው፤ ቀንና ሰዓት ይነገራቸው፤ ቀን ብርሃን ይግባ፣ ሌሊት ጸጥታ ይሁን። ለማስተኛት ተብለው የሚሰጡ እንደ ዳያዜፓም ያሉ መድኃኒቶች ግራ መጋባቱን ሊያባብሱ ስለሚችሉ፣ ሊሰጡ ሲታሰብ ቤተሰቡ መጠየቅ ይችላል።

ክፍት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከ1 እስከ 3 ቀን ያህል በፅኑ ሕሙማን ክፍል ይቆያሉ፤ ችግር ካልገጠመ በጠቅላላው ከ7 እስከ 10 ቀን ሆስፒታል ይሆናሉ። ከአልጋ ተነሥቶ ወንበር ላይ መቀመጥ በማግሥቱ ይጀመራል፤ ስፌቱ እንዳይፈታ በሚል ስጋት አስተኝቶ ማቆየት የሳንባ ምችና የደም መርጋት ያመጣል። ሳል ሲመጣ ትራስ ሆድ ላይ አስደግፎ ማሳል ሕመሙን ይቀንሳል። ከዚህ ሌላ ቤተሰብ ሊያያቸውና ሊናገራቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ፦ የሽንት መጠን መቀነስ፣ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ፣ የአንድ እግር መቀዝቀዝና መንጣት፣ የደረት ሕመም። በተለይ ደም ያለበት ተቅማጥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የአንጀት ደም ማጣት ምልክት ሊሆን ስለሚችል አይናቅ።

ኢቫር የተደረገላቸው ከ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ወደ ቤት ሊመለሱ ይችላሉ። ከሕክምናው በኋላ ለተወሰነ ሰዓት በጀርባ ተኝቶ እግርን አለማጠፍ ሊታዘዝ ይችላል። ለጥቂት ቀናት ቀላል ትኩሳት መኖር የተለመደ ቢሆንም፣ ኢንፌክሽን አለመሆኑን ማረጋገጥ የሐኪም ሥራ ነው።

በቤትና በክትትል

ክፍት ቀዶ ሕክምና ያደረጉ ሰዎች ለ6 ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አያንሡ፤ የልጅ ልጅ ማቀፍም ከዚህ ይቆጠራል። ሙሉ ጉልበት ለመመለስ 2 ወይም 3 ወር፣ በዕድሜ ለገፉት ከዚያም በላይ ሊወስድ ይችላል፤ የምግብ ፍላጎት ቀስ ብሎ ይመለሳል፣ ድካሙም ይረዝማል፤ ይህን ቀድሞ ማወቅ ተስፋ ከመቁረጥ ያድናል። በኢቫር ለታከሙት ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። በሁለቱም ቢሆን የብሽሽት ማበጥ ወይም መድማት፣ ትኩሳት፣ የእግር መቀዝቀዝ፣ አዲስ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም ከታየ ወደ ሆስፒታል መመለስ ግድ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን የሰገራ መጥቆር ወይም ደም መቀላቀል ካለ «ሰው ሠራሽ የአኦርታ ቱቦ አላቸው» ተብሎ ይነገር፤ አልፎ አልፎ ቱቦው ከአንጀት ጋር ስለሚገናኝ ነው።

ኢቫር ሲመረጥ የዕድሜ ልክ ክትትልም አብሮ እንደሚመረጥ ብዙዎች አይገነዘቡም። በአንደኛው ወር ሲቲ ስካን ይደረጋል፤ ከዚያ በየዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ይታያል። የሚፈለገው ኢንዶሊክ የሚባለው፣ ደም ከቱቦው ውጪ ወደ አኑሪዝሙ ከረጢት መፍሰሱ ነው። በቱቦው ጫፍ በኩል ወይም በመጋጠሚያው በኩል የሚፈሰው በፍጥነት መጠገን አለበት። በትናንሽ ቅርንጫፎች በኩል ወደ ኋላ የሚፈሰው ግን ከሁሉም የሚበዛው ሲሆን፣ ከረጢቱ እስካላደገ ድረስ ብዙውን ጊዜ እየታየ ይጠበቃል። በሕክምና ተቋማት ርቀት፣ በወጪ ወይም በእግር አለመቻል ምክንያት ለቀጠሮ መመላለስ ለማይችሉ ሰዎች ይህ ጉዳይ ከምርጫው በፊት በግልጽ መነገር ይኖርበታል።

ሲፈነዳ

የፈነዳ አኑሪዝም ምልክቱ ድንገተኛና ብርቱ የሆድ ወይም የወገብ ሕመም፣ ላብ፣ ማዞርና ራስን መሳት ነው። በአረጋውያን ላይ ከኩላሊት ጠጠር ጋር በቀላሉ ይምታታል፤ ዕድሜው ከ60 ያለፈ፣ ከዚህ በፊት ጠጠር ኖሮት የማያውቅ ሰው በድንገት «የኩላሊት ጠጠር» ከተባለ አኦርታው በአልትራሳውንድ መታየት አለበት። አኑሪዝም እንዳለ የሚታወቅ ከሆነ ለአምቡላንስም ሆነ ለድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ የሚነገረው ይህ ነው፤ ስፋቱንና ቦታውን የያዘ ወረቀት በቦርሳ መያዝ ደቂቃዎችን ያተርፋል። ምግብም መጠጥም አይሰጥ፤ የደም ሥር ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ተቋም በቀጥታ መሄድ ይመረጣል። ብዙዎች ሆስፒታል ሳይደርሱ ያልፋሉ፤ ደርሰው ከሚታከሙትም ከሦስት አንድ ያህሉ ወይም ከዚያ የሚበልጡት በ30 ቀን ውስጥ ይሞታሉ። በፈነዳ አኑሪዝም ላይ በተካሄደ ትልቅ የብሪታንያ ጥናት በክፍትና በኢቫር መካከል በ30 ቀን የታየው ልዩነት ጥቂት ሲሆን፣ ኢቫርን በብሽሽት ማደንዘዣ ብቻ ያደረጉት ሙሉ ማደንዘዣ ከተሰጣቸው የተሻለ ውጤት ነበራቸው። ታካሚው ቀድመው ቀዶ ሕክምና አልፈልግም ያሉ ከሆነ ደግሞ ያ ወረቀት የሚወጣበት ሰዓት ይህ ነው፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ፣ ጸጥታና የቤተሰብ መገኘት ለእሳቸው የሚገባ ሕክምና ነው።

ለልጆችና ለወንድሞች

አኑሪዝም በቤተሰብ ውስጥ ስለሚሄድ የታካሚው ወንድሞች፣ እህቶችና ልጆች፣ በተለይ የሚያጨሱት፣ ዕድሜያቸው ከፍ ሲል ምርመራ እንዲያደርጉ ይመከራል። በአንዳንድ አገሮች 65 ዓመት የሞላቸው ወንዶች ሁሉ አንድ ጊዜ ይመረመራሉ። ምርመራው ሆድ ላይ የሚደረግ አልትራሳውንድ ሲሆን፣ መርፌም ጨረርም የለውም፤ ጥቂት ደቂቃ ይወስዳል።